የጸሐፊዋ ቀኝ እግር

ፍርድ ቤቱ ውስጥ ሰው ሁሉ በእጁና በአፉ ሲሠራ እሷ ሃያ ሁለት ዓመት በእግሯ ጭምር ሠርታለች። ሥራዋ የችሎት ድምፅ እየሰሙ ቃል በቃል ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ነው። ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ፣ ጣቶቿ ፊደሎቹ ላይ፣ ቀኝ እግሯ ደግሞ ከጠረጴዛው ሥር፣ የልብስ ስፌት መኪና መርገጫ የሚመስል ፔዳል ላይ። ፔዳሉን አንዴ ረገጥ ስታደርገው ድምፁ ሦስት ሰከንድ ወደ ኋላ ይመለሳል። ምስክር ቃሉን ዋጥ አድርጎ ከተናገረ አንዴ፣ ጠበቃና ዳኛ እኩል ካወሩ ሁለቴ፣ ጨርሶ ያልገባት ነገር ከመጣ ሦስቴ ትረግጣለች። ልማዱ ከገላዋ ጋር ከመዋሃዱ የተነሳ ጎረቤት መጥቶ የተምታታ ወሬ ሲያወራላት እንኳ እግሯ ከወንበሩ ሥር ወለሉን ይነካካል። ባሏ ያያትና «ይኸው፣ ወደ ኋላ ልትመልሰን ነው» ብሎ ይስቃል። ይስቅ ነበር ማለት ይሻላል።

ባሏን አገር ያውቀዋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በአውቶቡስ መናኸሪያው የመነሻ ሰዓት ሲጠራ የኖረ ሰው ነው። ተሳፋሪው «መለከት» ብሎ ስም አውጥቶለት፣ እናት አባቱ ያወጡለትን ስም የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነበር። መብራት ሲጠፋ ድምፅ ማጉያው ዝም ይላል፤ እሱ ግን ከክፍሉ ወጥቶ፣ ወገቡን ይዞ «ሦስተኛው በር! ሊነሳ ነው! ልጅሽን ያዣት አንቺ፣ አውቶቡሱ አይጠብቅሽም!» ሲል ማዶ ያለው ነዳጅ ማደያ ድረስ ይሰማል። ያን ድምፅ አንድም ሰው ቀድቶት አያውቅም። በየቀኑ የሚሰማን ነገር ማን ብሎ ይቀዳል? ቤቱ ሲገባ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሚስቱን «ጆሮዬ» ይላታል። ከሥራዋ ተነስቶ ያወጣላት ስም ነው።

ባለፈው ዓመት ጉሮሮው መሻከር ጀመረ። ጉንፋን ነው ተባለ፣ የመናኸሪያው አቧራ ነው ተባለ፣ በመጨረሻ የተባለውን ግን ሰው ለጠላቱም አይመኝም። ማንቁርቱ ተቆርጦ መውጣት አለበት አሉ። ነፍሱ ትተርፋለች፤ ከዚያ ወዲያ ግን አንገቱ ላይ በሚከፈትለት ቀዳዳ ይተነፍሳል እንጂ ድምፅ የሚባል ነገር አይኖረውም።

የሆስፒታሉ የንግግር ባለሙያ ሁለቱን አስቀምጣ አንድ ተስፋ ሰጠቻቸው። «የሚጽፉትን ጮክ ብሎ የሚናገር ታብሌት አለ» አለች። «ከቀዶ ሕክምናው በፊት እነዚህን ስድስት መቶ ዓረፍተ ነገሮች አንብበው ካስቀዱ፣ ታብሌቱ የእርስዎን ድምፅ ይማራል። ከዚያ በኋላ የሚናገርልዎ በራስዎ ድምፅ ነው። ብቻ ቅጂው ጥርት ያለ ይሁን፤ ከኋላው ሌላ ድምፅ አይግባበት። በስልክም ቢሆን ይቻላል።»

በስልክ የሚለውን ስትሰማ ጸሐፊዋ ፊቷን አጨማደደች። ሃያ ሁለት ዓመት በሰው ድምፅ የኖረች ሴት፣ በስልክ! ቤቷ የፍርድ ቤቱ የቀድሞ ድምፅ መቅረጫ አለ፤ አዳራሾቹ አዲስ መሣሪያ ሲገጠምላቸው «ለመታሰቢያ ይሁንሽ» ብለው የሰጧት። የሳሙና ያህል ነው፣ ከጎኑ ሰፊ አፍ ያለው ዩኤስቢ ገመድ ይወጣል፣ ሆዱ አራት ሰዓት ይይዛል፣ የዝንብ ትንፋሽ አያመልጠውም። ስለ መቅረጫው ጥራት የተናገረችው ሁሉ እውነት ነበር፤ ኋላ አንጀቷን የበላው ይኸው ነው።

ዘጠኝ ቀን ቀዱ። መኝታ ቤቱን መስኮት በብርድ ልብስ ጋረደች፣ ቁም ሣጥኑን ከፍታ ልብሶቹ መሀል ወንበር አስቀመጠችለት፣ ራሷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ዝርዝሩን ያዘች።

«ቁም፣ ቁም። እንደገና።»

«ደግሞ ምን አጠፋሁ?»

«አንተ ምንም። ጎረቤት በር ዘጋ።»

«የሰው በር የሚዘጋውን እኔ ምን ላድርገው? ሄጄ ልሟገትልሽ?»

«እንደገና አልኩህ እኮ።»

«ጆሮዬ፣ ሐኪሞቹ ከሞት ሊያተርፉኝ ይለፋሉ፣ አንቺ በእንደገና ልትገዪኝ ነው።»

ከሳቀ ትሰርዘዋለች፤ ሳቅ ዝርዝሩ ላይ የለም። አንዳንዴ በሁለት ዓረፍተ ነገር መሀል ድንገት «ሦስተኛው በር! ሊነሳ ነው!» ብሎ ይጮህና ቁም ሣጥኑ ውስጥ ያለው ኮት ሁሉ ይንቀጠቀጣል። እሱንም ሰረዘችው። በገዛ እጇ፣ አንድ በአንድ፣ አራት ሰዓት ንጹሕ ንባብ እስኪቀር ድረስ አጸዳችው። እንዲህ ያለ ቅጂ በሕይወቷ ሠርታ አታውቅም፤ ኮርታ ነበር።

ቅጂውን ያን ጊዜውኑ ቢሮዋ ወዳለው አሮጌ ኮምፒውተር መገልበጥ ትችል ነበር። ገመዱ ሰተት ብሎ ይገባ ነበር። ነገር ግን የቢሮው ደንብ የግል ጉዳይ በመንግሥት ኮምፒውተር አይቀመጥም ይላል፤ እሷም ደንብ የምታከብር ሰው ናት። አጠገቧ ያሉት የልጆቻቸውን ልደት ቪዲዮ፣ የሠርግ ፎቶ፣ የሚሸጥ ቤት ሥዕል ሲያጭቁበት እሷ የባሏን ድምፅ አልጫነችም። በኋላ እጨርሰዋለሁ ብላ መቅረጫውን በመሀረብ ጠቅልላ መሳቢያ ውስጥ አኖረችው።

ቀዶ ሕክምናው ደህና ሆነ። መለከት ቤቱ ሲገባ በእጁ ደብተርና እርሳስ ነበር። ሚስቱን የሚጠራው በማጨብጨብ ሆነ፤ ሁለቴ ካጨበጨበ ነይ ማለት ነው፣ አንዴ ከሆነ ተይው ማለት ነው። መናኸሪያ ሙሉ ሕዝብ ያንቀሳቅስ የነበረ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ እንዲያ ሲያጨበጭብ ስታይ ይሄ ያልፋል ትላለች። መሳቢያው ውስጥ ድምፁ አለ። እሱም ደብተሩ ላይ በየሁለት ቀኑ «መቼ ነው?» ብሎ ይጽፋል። ታብሌቱ እንደተሰጠው መናኸሪያ ሄዶ ምን እንደሚል ሳይቀር አስቦ ጨርሷል። በእሱ ቦታ የተተካችውን አዲሷን ጥሪ አቅራቢ ከኋላዋ ሊያስደነግጣት ነው።

ከወር በኋላ ሥራ ስትመለስ አሮጌዎቹ ኮምፒውተሮች የሉም። በምትካቸው ስስ ስስ ላፕቶፕ መጥቷል፤ ቤትም ይዞ መሄድ ይቻላል ተባለ። ጎኑን ብታይ ጎኑ ላይ ሁለት ጠባብ ቀዳዳ፣ የሽንብራ ፍሬ የማያስገባ። የፔዳሏን ሰፊ መሰኪያ ይዛ ከዚህ ጎን ወደዚያ ጎን አዟዟረችው፣ ገለበጠችው፣ ከኋላም ፈለገች። የሰው ልጅ ዕቃ ሁሉ በሰፊው ቀዳዳ ሲሠራ ኖሮ፣ ቀዳዳ ማጥበብ ሥልጣኔ ነው ብሎ የፈረደው ማን እንደሆነ እንጃ። ይግባኝም የለውም።

የቢሮው የኮምፒውተር ባለሙያ ትሑት ጎልማሳ ነው። «እናቴ፣ ሰፋፊዎቹ እየቀሩ ነው» አላት። «አዳፕተር ይግዙ፣ በእሱ በኩል ይሰካሉ። የፔዳሉን ፕሮግራም ደግሞ ሰኞ እጭንልዎታለሁ፤ ያለ ፕሮግራሙ ፔዳሉ ሥራውን አያውቅም።»

አዳፕተሩን ከመንገድ ዳር ሱቅ ገዛች። የጣት ያህል ነው፤ በአንድ በኩል ላፕቶፑ ውስጥ የሚገባ ቀጭን አፍ፣ በሌላ በኩል ሦስት ሰፋፊ ቀዳዳ። የሆስፒታሉ የንግግር ባለሙያ ቅጂውን ሰኞ ጠዋት ትፈልገዋለች። ስለዚህ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ባሏ መድኃኒቱን ውጦ እንቅልፍ ሲወስደው፣ ጸሐፊዋ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፑን ከፈተች።

መጀመሪያ ፔዳሉን ሰካች፤ ዕቃዎቿን ስትሰካ ሁልጊዜ የምትጀምረው በእሱ ነው። ባዶ ገጽ ከፍታ ረገጥ አደረገችው። ጠቋሚው አንድ መስመር ወረደ። ደግማ ረገጠች፣ ደግሞ ወረደ። ባለሙያው እንዳለው ፔዳሉ ያለ ፕሮግራሙ ወደ ኋላ መመለስን ረስቷል፤ በዚህ ኮምፒውተር ላይ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ኢንተር የሚባለውን ትልቁን ቁልፍ መጫን።

«አንተም አረጀህ?» አለችው ዝቅ ብላ። «በል ሰኞ ድረስ ዝም ብለህ ተቀመጥ።»

ነቅላው ቢሆን ኖሮ! ግን ፔዳል ከእግሯ ሥር ሳይኖር ኮምፒውተር ፊት መቀመጥ ለእሷ ባዶ እግር አደባባይ መውጣት ነው። አልነቀለችውም።

ቀጥሎ መቅረጫውን ከመሀረቡ ፈትታ ሰካችው። ትንሿ መስኮቱ በራች፣ ጠፋች፣ በራች። ላፕቶፑ አንድ ዕቃ ሲመጣ ድው ይላል፣ ሲሄድ ደግሞ ድው ይላል፤ መቅረጫው መጣሁ ቀረሁ ይል ጀመር። ገመዱን በጣቷ ደገፍ አድርጋ ያዘችው። በረደ። ከዚያ ስክሪኑ መሀል አንድ ሣጥን ተዘረጋ፤ ይህን ማከማቻ ለመጠቀም በቅድሚያ ፎርማት መደረግ አለበት፣ ፎርማት ይደረግ ወይ የሚል።

ቃሉ ቢሮ ውስጥ ሲነገር ሰምታዋለች፤ እዚህ ምን ሊሠራ እንደመጣ ግን አልገባትም። ጨርሶ ያልገባት ነገር ሲመጣ ደግሞ ምን እንደምታደርግ እናውቃለን። እግሯ ሳይጠይቃት ረገጠ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ።

በመጀመሪያው ይደረግ አለች። በሁለተኛው ጀምር አለች። በሦስተኛው፣ ላዩ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ ይስማማሉ ወይ ለሚለው እስማማለሁ ብላ መለሰች። ዓይኗ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር አንብቦ ሲጨርስ ሣጥኑ የለም። በቦታው ተጠናቋል የሚል ሌላ ሣጥን ቆሟል።

ገመዱን መዝዛ የመቅረጫውን መስኮት አየች። የቅጂ ብዛት፦ ባዶ። አጠፋችው፣ አበራችው። ባዶ። ፍርድ ቤት መቅረጫ ያጠራጠረ ጊዜ የሚደረግ አንድ ነገር አለ፤ ቀዩን ቁልፍ ተጭነህ፣ አንድ ሁለት ብለህ፣ መሥራት አለመሥራቱን ታያለህ። እጇ ይህንኑ አደረገ። ቀዩን ተጫነች። «አንድ» አለች፤ ሁለት አላለችም። መቅረጫውን ወረቀቶቹ ላይ በአፉ ደፍታ፣ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ አለቀሰች። ድምፅ አውጥታ አላለቀሰችም፤ በስስ ግድግዳ ማዶ ሰው ተኝቷል። ከልቅሶ መለስ ስትል ላፕቶፑን ታፈጣለች፣ ደግሞ ይመጣባትና ታቀረቅራለች። ሰዓታት አልፈው ፀሐይዋ ከምንጣፉ ወጥታ ግድግዳው ላይ እስክትደርስ እዚያው ተቀምጣ ነበር።

ከመኝታ ቤት ሁለት ጭብጨባ መጣ።

ፊቷን ጠርጋ፣ ዕቃውን ሁሉ አጥፍታ ገባች። ደብተሩን አስቀድሞ ጽፎ ጉልበቱ ላይ አቁሞታል። «ገባ?» ይላል።

«እየገባ ነው» አለችው። «ቀስ ይላል። አዲስ ኮምፒውተር ነው።»

አውራ ጣቱን አነሳላት። እሁድን እንዴት እንዳሳለፈችው እሷም አታውቀው።

ሰኞ በጠዋት መቅረጫውን የኮምፒውተር ባለሙያው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ የሆነውን ነገረችው፤ ምላሷ እየተሳሰረ፣ ሦስቴ መርገጧንም ሳትደብቅ። ሰውየው በመጀመሪያ አልደነገጠም። «አይዞዎት እናቴ፣ ፎርማት የሚያጠፋው ማውጫውን ነው፤ ድምፁ ሥሩ ተኝቶ ይቆያል። ሁለቱ ዕቃ ባንድ አዳፕተር ላይ ሆኖ ኃይል አንሶት ነው ኮምፒውተሩ ያላወቀው» አለ። ያን ጊዜ የተነፈሰችው ትንፋሽ ከቅዳሜ ጀምሮ የመጀመሪያዋ ነበር። በማግሥቱ ከሰዓት ግን ራሱ ወደ ክፍሏ መጣ፤ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«እናቴ፣ በላዩ ላይ ተቀድቶበታል።»

«ማን ቀዳበት?»

«ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ነው የሚለው። ርዝመቱ ሦስት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ።»

እሱም ማብራራቱን ትቶ ማዳመጫውን ሰጣት። ሃያ ሁለት ዓመት የሌላውን ሰው ጉድ የሰማችበት ማዳመጫ ነው። «አንድ» የሚል የሴት ድምፅ ሰማች። ቀጥሎ የወንበር መንኳኳት። ልቅሶ። በሩቅ የሚያልፍ መኪና፣ የፍሪጁ ማጓራት፣ ደግሞ ልቅሶ። ባለሙያው ወደ ፊት እያሳለፈ አሰማት፤ ያው ነው። መጨረሻው ላይ ሁለት ጭብጨባ አለ፣ ቀጥሎ ወንበር ሲገፋ፣ ከዚያ ያልቃል። መቅረጫው ጥሩ መቅረጫ ነው። እንባዋ ወረቀቱ ላይ ሲንጠባጠብ እንኳ ቀድቶታል። ዘጠኝ ቀን የተነበበው ድምፅ በተኛበት ቦታ ላይ ሦስት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ለእሱ አልቅሳለች፤ እያለቀሰች አጥፍታዋለች።

«የቀረው ሃያ ደቂቃስ?»

«ተበጣጥሷል። ሙሉ ሆኖ የወጣው፣ ቀድሞ ከተሰረዘ ቅጂ የቀረ አሥራ አንድ ሰከንድ ነው። ላጫውተው?»

አጫወተው። አንድ ሰው ጉሮሮውን ይጠርጋል። ለመናገር አየር ወደ ውስጥ ይስባል፤ እንዴት ያለ ረጅም፣ ሙሉ ትንፋሽ። ከዚያ በር ይዘጋል። ወዲያው የራሷ ድምፅ፣ ጥርት ብሎ፦ «ቁም፣ ቁም። እንደገና።»

ማዳመጫውን አውልቃ በሥርዓት ጠቅልላ አስቀመጠችው። አመሰገነችው። ሰውየው «በርቱ» ብሎ ወጣ።

ለባሏ የነገረችው ያን ቀን ማምሻውን ነው፣ ወጥ ቤት በር ላይ ቆማ፣ ኮቷን ሳታወልቅ። አንድም ነገር አላስቀረችም፤ ምስክር ብትሆን ኖሮ ዳኛው ያመሰግናት ነበር። ስትናገር ደብተሩን አልነካም። ስትጨርስ አፉ ተከፈተ፤ ሠላሳ ዓመት የለመደው አፍ ነው፣ ሊጮህ ነበር። ከአንገቱ ቀዳዳ አየር ብቻ ፊሽ ብሎ ወጣ። ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው። ቆይቶ እርሳሱን አነሳና አንድ ቃል ጻፈ።

«አንዱም?»

«አንዱም» አለችው።

ደብተሩን ዘግቶ ወደ መኝታ ቤት ገባ። ሁለት ቀን ሙሉ ከዚያ ክፍል ጭብጨባ አልመጣም። ውሃ ቢፈልግ ራሱ ተነስቶ ይቀዳል። እሷ ግን ሳሎን ቁጭ ብላ ለጭብጨባው ጆሮዋን እንደቀሰረች ነው። እጆቹን በሰማሁ ብላ የምትመኝበት ቀን ይመጣል ብሎ ማን ያስብ ነበር።

ሆስፒታል ሲሄዱ የንግግር ባለሙያዋ አልወቀሰቻትም። ይህም ከበደ። «ዝግጁ ድምፆች አሉን» አለች። «አራት የወንድ ድምፅ አለ። ሁሉንም ያድምጡና ደስ የሚልዎትን ይምረጡ።» የመጀመሪያውን ከፈተችለት፤ ዜና የሚያነብ ጎረምሳ ዓይነት፣ የታጠበና የተተኮሰ ድምፅ ነው። መለከት ሌሎቹን አልሰማም። በጣቱ ይሄ ይሁን አለና መስኮት መስኮቱን ማየት ጀመረ። ወደ ቤት ሲመለሱ መናኸሪያውን በሚያልፈው መንገድ መሄድ አልፈለገም፤ ዙሪያውን ዞሩ።

ፔዳሉ ፕሮግራሙ ተጭኖለት ሥራውን አስታውሷል፤ እሷም በሥራዋ አለች። ጥሩ ገልባጭ ናት። አሥራ አንዱን ሰከንድ ግን በወረቀት ገልብጣ አታውቅም። በደንቡ መሠረት የሚጻፈው የተነገረ ቃል ብቻ ነው፤ እዚያ ላይ ደግሞ የተናገረችው እሷ ብቻ ናት።

እሁድ ምሳ ላይ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ታብሌቱ በሳህኑና በብርጭቆው መሀል ቆሟል። መለከት እጁን ጠርጎ በአንድ ጣቱ ቀስ እያለ ጻፈ፣ ቁልፉን ተጫነ።

«ጆሮዬ፣ ጨው አቀብዪኝ» አለ ጎረምሳው።

ጨውን አነሳች። አቀበለችው፣ እሱም ተቀበላት። ከጠረጴዛው ሥር ግን ቀኝ እግሯ፣ ምንም በሌለበት ወለል ላይ፣ ሦስት ጊዜ ረገጠ።